የሁለት ዓመት ቅንድብ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቿ ቅንድብ የሚነቀስበት አልጋ ላይ እንደተጋደመች ነበረች። ሁለት ቡናማ ቅንድቦች በእርሳስ ተስለውላታል፤ መርፌ ግን ገና አልነካቸውም። ፀጉሯንና ቅንድቧን ያረገፈውን በሽታ ሦስት ዓመት ታግላ አሸንፋ፣ በጠራራ ፀሐይ እዚህ መሞቷ መርማሪዋን አናደዳት። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለች።

የሰፈሩ ፖሊስ ፍርዱን ጨርሶ ጠብቋታል። «ማደንዘዣው ነው የገደላት። ነቃሿን ይዘናት እንሂድ?»

ቅንድብ ነቃሿ ጥግ ይዛ ቆማለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህች ክፍል ነው፤ ዛሬ ከታሰረች ክፍሏ ተዘግቶ ልጆቿ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

«ማደንዘዣ ገና አልቀባኋትም!» አለች። «አስቀምጬ ሳልኳት፣ በመስተዋት አይታ ወደደችው፣ ፎቶ አነሣኋት። ከዚያ አስተኝቻት የጎደለኝን ቀለም ላመጣ ማዶ ሱቅ ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ብቆይ ነው።»

መርማሪዋ የሟቿን ዓይን ገለጥ አድርጋ አየች። ነጩ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ተረጭተዋል። ትራሱን አነሣች፤ ልብሱ ተገልብጦ ነው የገባው፣ ውስጡም በቡናማ እርሳስ ተለቃልቋል።

«ታፍና ነው የሞተችው» አለች።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ የሟቿ ባልና የሟቿ ታናሽ እህት ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል።

«ከወር በላይ ስታወጣ ስታወርድ ነበር» አለች እህትየዋ እንባዋን እየጠረገች። «‹ሁለት ዓመት ቆይቶ ለሚደበዝዝ ነገር ይህን ሁሉ ብር?› ትለኝ ነበር። ኋላ ‹ሁለት ዓመት እኖራለሁ ብሎ ማመን ራሱ ዋጋ አለው› አለችኝ። ቅርጹንም ዛሬ አብረን መረጥን። ከዚያ እዚሁ ቁጭ አልኩ። ጋሼ፣ ባሏ፣ መጥቶ ገባ፤ ሬዲዮው ይጮህ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። ሲወጣ ‹እንቅልፍ ወስዷታል፣ አትቀስቅሻት› አለኝ።»

«እውነቷን ነው» አለ ባልየው። «ለገንዘቡ አዝኜ ላስተዋት ነበር የመጣሁት። ተኝታ ሳገኛት ተመለስኩ።»

«ከእርስዎ በኋላ የገባ ሰው አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በሩ ላይ የነበረችው እሷ ናት።» በአገጩ እህትየዋን አመለከተ።

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ አልጋው ጠራቻቸው።

«ትራሱ ፊቷ ላይ ሲጫን ሥዕሉ ተጨማለቀ። ገዳዩ እንዳይጋለጥ የትራሱን ልብስ ገለበጠ፣ ፊቷን ጠረገ፣ በነቃሿ እርሳስ ቅንድቧን እንደገና ሳለ። አሁን እዩ።»

የአልጋውን ራስጌ ቀስ ብላ ከፍ አደረገች። ተጋድማ ሳለች እኩል የነበሩት ቅንድቦች ቀና ስትል ተዛነፉ።

ነቃሿ አፏን ያዘች። «ተኝታ ነው የተሳለችው! ሰው ሲተኛ ቆዳው ይሸሻል እኮ። አስተኝቶ የሚስል ባለሙያ የለም።»

«ስለዚህ እርስዎ አይደሉም» አለች መርማሪዋ። የነቃሿን ስልክ ተቀብላ ፎቶውን አሳየቻቸው። ፎቶው ላይ ያለው ቅንድብ ቀጥ ያለ ነው፤ ሬሳው ላይ ያለው ግን ጎበጥ ብሏል። «ይህ የጎበጠው የማን ነው?»

«የድሮ የራሷ» አለች እህትየዋ። «ከሕመሟ በፊት እንዲህ ነበረች።»

«አንቺ ብትስዪው ኖሮ የመረጣችሁትን ትደግሚው ነበር። የድሮውን የሚስለው የዛሬውን ልብ ብሎ ያላየ ሰው ነው።» ወደ ባልየው ዞረች። «ገቡ፣ ተጨቃጨቁ፣ ገደሏት። ፊቷን ግን አንዴም አላዩትም።»

ባልየው አልጋውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ሦስት ዓመት ያጠብኳት እኔ፣ ያጎረስኳት እኔ!» አለ። «ሲሻላት ‹እህቴ ጋ ልኖር ነው› አለችኝ። ‹ከእኔ ለመሄድ ነው የምታጌጪው?› አልኳት። ‹አዎ› አለች።»

ፖሊሱ ነቃሿን ትቶ ለእሱ ካቴና አወጣ። እጁ ከመታሰሩ በፊት ፎቶውን እንዲያሳዩት ለመነ፤ አፍጥጦ ቆየ።

«ትስቃለች» አለ። «እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

«እኔ ጋ ስትመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትስቀው» አለች እህትየዋ።