ሳትዞር ያወቀችው ሰው

ነስሮ ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣል። እጮኛው ሱመያ ጂኦሎጂስት ናት፤ ናሚቢያ ባሕር ላይ ነዳጅ በሚፈልግ የቁፋሮ መርከብ ትሠራለች። የተዋወቁት ለእረፍት ሐረር መጥታ ሱቁ የገባች ዕለት ነው። ቁንዶ በርበሬውን በጥፍሯ እየሰነጠቀች ስትመረምር አይቶ «ልትገዢው ነው ልትፈርጂበት?» አላት። ሳቀች። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ፤ ኒካሁ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ ትደውልለታለች። ወሬዋ ስለ ጉድጓዱ ነው። ከባሕሩ ወለል በታች ሦስት ወር ሲቆፈር ቆይቶ ወደሚፈለገው የአሸዋ ድንጋይ ተቃርቧል።

«ድንጋይ ነው፤ ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ አለው» አለችው። «ነዳጅ ይያዝ ውሃ የሚለየው ናሙናው ሲወጣ ነው። ጀይላን ውሃ ነው ይላል። እኔ ነዳጅ ነው ብያለሁ።»

ጀይላን አብሯት የሚሠራ፣ ከባሌ የመጣ ልጅ ነው። «ጀይላን ሻይ አፈላ፤ ጀይላን አሳቀን» ትላለች። ነስሮ እርድ እየመዘነ ይህን ስም ይሰማል፤ ሚዛኑ ይሳሳትበታል።

አንድ ቀን በቪዲዮ ሲያወሩ የወንድ እጅ ከኋላዋ መጥቶ ጃኬት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። «አመሰግናለሁ» አለች፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ነስሮን ያቃጠለው ጃኬቱ አይደለም። ሳትዞር ማን እንደሆነ ማወቋ ነው።

በማግስቱ መልእክት ላከላት፦ «እናትሽ ታመዋል። ቶሎ ነይ።» እናቷ ለሰርግ ገጠር ወርደው ስልካቸው እንደማይሠራ ያውቅ ነበር።

ሱመያ በሄሊኮፕተር ከመርከቡ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሐረር፣ አቦከር ሰፈር እናቷ ቤት ስትደርስ፣ እናቷ ከሰርጉ ተመልሰው በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። «ምነው ልጄ፣ ሳትናገሪ?» አሏት።

በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች።

«ማን ነው የታመመው?»

ነስሮ ዓይኑን ከሚዛኑ አላነሳም። «እኔ» አለ።

ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ጮኸ። የተላከላትን ፎቶ ብዙ ቆይታ አየችው፤ እንደ ዘንግ ተቆርጦ የወጣ ድንጋይ፣ መብራት በርቶበት ቢጫ ያበራል።

«ወጣ። ቢጫ ሲያበራ ነዳጅ ይዟል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ወር የጠበቅኩት።»

ነስሮ ድንጋዩን አላየም። ያየው ድንጋዩን የያዘውን እጅ ነው። «እሱ ነው የላከው?»

«እሱ ነው።» ስልኩን አጠፋች። «ጀይላን ባለፈው ወር ላግባሽ ብሎኝ ነበር። ሐረር ሰው አለኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አላነሳብኝም።»

ነስሮ ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋው። ውጭ ገበያው ይጮሃል።

«አፉ በዪኝ፣ ሱመያ።»

«አፉ ብያለሁ። ግን ዛሬ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት አላውቅም። እስከ ትናንት አውቅ ነበር።»

በሁለተኛው ቀን ሸዋ በር ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። የድሬዳዋው ሚኒባስ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆሙ። ከወር በኋላ ኒካሁ መቅረቱን በሽማግሌ አስነገረች።

ሁለት ዓመት አለፈ። እናቷን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ይሳለማቸዋል። ሱመያ ደህና እንደሆነች፣ ሌላ ባሕር ላይ እንደምትሠራ ይነግሩታል። አግብታ እንደሆነ ግን እሳቸውም አይነግሩት፣ እሱም አይጠይቃቸው።