ማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

እኔ ደንጋጣ ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ድስት ሲገነፍል እደነግጣለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ ከሆዴም የወጣሽው ደንግጠሽ ነው» ትለኛለች። የ1976ቱ ድንጋጤዬ ግን ከሁሉም ይለያል።

ያኔ ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ የእጅ ሥራ መጽሐፍ ብቻ የሚያሳትም ቤት ነበር። ሹራብ፣ ጥልፍ፣ ስፌት፣ ዳንቴል፤ ሌላ ነገር አያትምም። ባለቤቱ ጋሽ ገብረወልድ ይባላሉ። እኔ ተሻለች ደግሞ የሽያጭና የማስታወቂያ ሠራተኛቸው ነበርኩ። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ሥራው መጽሐፍ ተሸክሞ ከሞጆ ወለንጪቲ መንከራተት ነው።

«መጽሐፍ ግዙ» ቢሏት የትኛዋ የገበያ ሴት ዞራ ታያለች? ስለዚህ ዘዴ ዘየድኩ። ከመጽሐፉ የተሠራ ዳንቴል ለሎንቺና ሾፌሮች እየሰጠሁ ከመሪው ፊት አስነጥፍ ጀመር። መኪናው ሞጆ ሳይገባ ሴቶቹ «ይሄን የመሰለ ማን ሠራልህ?» ይሉታል። ሾፌሩም ከመቀመጫው ሥር መጽሐፉን መዝዞ ይሸጥላቸዋል። ሎንቺናዎቹ የሐጂ መሐመድሰዒድ ነበሩ። ሐጂ መጀመሪያ «አንቺ ልጅ፣ መኪናዬን ሙሽራ አደረግሽው እኮ!» ብለው ተቆጡኝ። ወር ሳይሞላ ለገዛ ፔጆአቸውም ጠየቁኝ።

በደንብ የሚሸጠው «ዳንቴል ከሀ እስከ ፐ» የሚለው ነበር፤ ደራሲዋ ወይዘሮ በላይነሽ። ረቂቁ ከዝዋይ በፖስታ የመጣ ነው፤ ሴትዮዋን ያያት ሰው የለም። እኔ ግን በየሱቁ «የሰባት ልጆች እናት፣ የዳንቴል እመቤት!» ብዬ ለጥፌላታለሁ። ሰባቱን ልጆች ከየት አመጣሻቸው እንዳትሉኝ፤ ከራሴ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የናዝሬት ሴቶች ማኅበር ባዛር ሲያዘጋጅ «ወይዘሮ በላይነሽ መጥታ በዓይናችን እያየን ትሥራልን» አለ። ጋሽ ገብረወልድም «ሂጂና ይዘሻት ነይ» ብለው ወደ ዝዋይ ላኩኝ።

ዝዋይ ጠይቄ ጠያይቄ ኦቦ ገርባ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ደረስኩ። አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል።

«ወይዘሮ በላይነሽን ፈልጌ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሲያዩት ልብ የሚያሳርፍ ዓይን ነበረው፤ አልዋሽም፣ መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው።

«ምን ፈለግሻት?»

«ከማሳተሚያ ቤቱ ነው የመጣሁት። እናትዎ ናቸው?»

«እናቴ ናት።»

«እሰይ! የሉም እንዴ?»

«ከሞተች ቆየች።»

ክው አልኩ። «ምን ማለትዎ ነው? መጽሐፉ እኮ የወጣው አምና ነው!»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐዲስ እባላለሁ።»

ያን ጊዜ ነው እጁን ልብ ያልኩት። ኪሮሽ ይዟል። ነጭ ክር በጣቶቹ መካከል ሽር ሽር ይላል፤ ጉልበቱ ላይ ደግሞ አንድ ያላለቀ አበባ ተዘርግቷል።

«በስመ አብ!» አልኩ። «ወንድ ልጅ ዳንቴል?»

«ይገርምሻል። እኔም ሰባት ልጆች እንዳሉኝ የሰማሁት ከእናንተ ማስታወቂያ ነው።»

ያፈርኩት ማፈር! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ሳቀ፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐዲስ በ1970 ተማሪ እያለ ታሰረ፤ ዓመታት ቆይቶ በምሕረት ወጣ። «እስር ቤት ወንዱ ሁሉ ዳንቴል ሠሪ ነው» አለኝ። «ካልሲ እየተረተርን፣ ከአጥንት በሳልነው መርፌ። እጅ ሥራ ካልያዘ ጭንቅላት ይበላሻል። አሁን ከእስር የወጣ ወንድ ዳንቴል ላስተምራችሁ ቢል ማን ይገዛዋል? በእናቴ ስም አወጣሁት።»

ለባዛሩ «ወይዘሮ በላይነሽ አልተቻላቸውም፤ ልጃቸውን ልከዋል» ብለን እሱኑ አቀረብነው። ሴቶቹ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ተንሾካሾኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ወንበር እየተሻሙ ከበቡት። አንዷማ «የሚያገባ ነው ወይስ ያገባ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። «እኔ ምን አውቄ!» አልኩና በቅናት ፊቴን አዞርኩባት።

ሁለተኛ መጽሐፍ ጀመረ። እኔም ለሥራ እያልኩ ዝዋይ መመላለስ አበዛሁ፤ ጋሽ ገብረወልድ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ኪሮሽ አያያዝ ሲያሳየኝ ጣቴን ይነካል፤ እኔም የገባኝን እንዳልገባኝ ሆኜ «እንደገና አሳየኝ» እላለሁ። ወደድኩት፤ ምን ልጨምርበት?

አንድ እሑድ ላንጋኖ ሄድን። ቡናማው ውሃ ዳር አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ሐዲስ ቆየና፣ «ተሻለች፣ ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ደስታዬን የምደብቅበት ባጣ የአዲሱን መጽሐፍ ረቂቅ አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። በየገጹ አንድ አንድ አበባ ተስሎ ስም ተሰጥቶታል። አንዱ ገጽ ላይ «የሰብስቤ አበባ» ይላል።

«አየህ፣ የወንድሜ ስም!» አልኩት እየሳቅሁ።

«ይሄን ያወጣው እስር ቤት አብሮኝ የነበረ ልጅ ነው። የናዝሬት ልጅ።»

ሳቄ አፌ ውስጥ ደረቀ፤ የኔም ወንድም በ1970 ታስሮ እስካሁን አልተመለሰም። «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?»

ሐዲስ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ተሹዬ የሚላት እህት ነበረችው» አለ። «ሁልጊዜ ያወራልን ነበር። አንቺ ነሽ?»

«የት ነው? ሐዲስ፣ ወንድሜ የት ነው?»

«አንድ ምሽት ስሙ ተጠራ። ዕቃህን ተወው አሉት። ዕቃህን ተወው ከተባለ የሚመለስ የለም። የጀመረውን አበባ እጄ ላይ አኖረና ‹ጨርሰው› አለኝ። በነጋታው የሱን ምሳ ዕቃ ሳይከፈት መለሱት።»

ጮኼ እንደነበር የነገረኝ እሱ ነው፤ እኔ አላስታውስም።

ያን ምሳ ዕቃ የተቀበለችው እናቴ ወይዘሮ አማረች ናት። «ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። አመነቻቸው። እናት ምን ታድርግ? ከዚያ ወዲህ የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር፣ እስረኛ ይፈታል ሲባል፣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ አውቶቡስ ተራ ትቆማለች። የሚወርደውን ወጣት ሁሉ ፊት ፊቱን አይታ፣ ማታ ተመልሳ «ለከርሞ ነው መሰለኝ» ትላለች።

«መርዶው ይቅደም» አለኝ ሐዲስ። «ይሄን በሆዴ ይዤ እናትሽ ፊት አልቀመጥም።»

«መርዶ ከገባ ሠርግ አለ? አንተንስ የልጄን ሞት ይዞብኝ የመጣ ብላ ዓይንህን ማየት ብትጠላስ? ሠርጋችን ይለፍ፤ ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

«ጉልበቷን ስሜ፣ ምርቃቷን ተቀብዬ፣ ከዚያ ልንገራት?»

«ወንድሜን አጣሁ፤ አንተንም ልጣ?» ብዬ አለቀስኩ።

ይሄን ሲሰማ ተሸነፈ። «እንዳልሽ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ገብረወልድ፣ ሐጂ መሐመድሰዒድና ሐዲስ የሚኖርበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ገርባ ሆኑ። ስለ ወንድሜ ምንም አልነገርናቸውም። ቀጠሮው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ለእናቴ «እንግዳ ይመጣል» ብቻ ብያታለሁ። ታዲያ ሐጂ ያን ዕለት ወደ አሰብ የሚሸኙት መኪና ነበራቸው። «በጊዜ ጨርሰን እንሂድ» ብለው ሁለቱን ሽማግሌዎች እየነዱ ገና ጎህ ሲቀድ ደጃችን ደረሱ።

እንግዲህ አስቡት። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሦስት ሆኖ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ምን ይዞ ይመጣል? እናቴ በሩን ከፈተች። ኦቦ ገርባ «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሳይጨርሱ፣

«ልጄን! ሰብስቤን! ወይኔ ልጄን!»

ከአልጋዬ ዘልዬ ስወጣ እናቴ መሬት ላይ ወድቃ አፈር ትበትናለች። ሽማግሌዎቹ ክው ብለው ቀርተዋል። ሐጂ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወድቋል።

«ኧረ አያሟርቱ ወይዘሮ አማረች!» አሉ ጋሽ ገብረወልድ ሊያነሷት እየታገሉ። «ለደግ ነው! ልጅዎን ለጋብቻ ልንጠይቅ ነው የመጣነው!»

እናቴ ከመሬት ቀና አለች። «ሰብስቤ ደህና ነው?»

«እኛ ክፉ አልሰማንም። ወላሂ አልሰማንም!» አሉ ሐጂ።

እንዲያ ስትሆን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። አፈሩ ግንባሯ ላይ እንዳለ ሳቀች። የሽማግሌዎቹን ጉልበት በየተራ ሳመች። «ውሰዷት!» አለች። «ጥሎሽም አልፈልግ፣ ዘሩንም አልጠይቅ! ልጄ አለልኝ! ሞቷል ልትሉኝ መስሎኝ እኮ ነው! ውሰዷት፣ ትዳሯን ያሙቀው!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

የምመኘው ሁሉ በእጄ ገባ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሐዲስ የኔ ሆኗል፤ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተዋል። እናቴ ግን እየሳቀች ወደ እኔ ዞራ «ተሹዬ፣ ወንድምሽ ሳይመጣ ግን ቀን እንዳትቆርጡ፤ እሱ ነው የሚድርሽ» አለችኝ።

ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

«እማዬ፣ ተይ!»

«ምነው?»

«ሰብስቤ አይመጣም። እዚያው እስር ቤት ገድለውታል። የሚጠይቀኝ ሰው አብሮት ታስሮ ነበር፤ ሲወስዱት አይቷል።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተደግፎ ነው የሚነገረው። እኔ በሌሊት ልብሴ ደጃፍ ላይ ቆሜ ተናገርኩት።

እናቴ አልጮኸችም። ጩኸቷን ቀድማ ጨርሳዋለች። ቀስ ብላ ተቀመጠችና «ምሳ ዕቃውን ሲመልሱልኝ ሆዴ ነግሮኝ ነበር» አለች። ሐጂ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ገብረወልድና ኦቦ ገርባ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው አጣፉ። ልጅ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ለለቅሶ ተቀመጡ፤ የአሰቡም መኪና ቀረ።

ሐዲስ አውቶቡስ ተራ ሻይ ቤት መልስ እየጠበቀ ነበር። እናቴ አስጠራችው። ገብቶ እግሯ ላይ ሲደፋ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።

«ሲጠሩት ፈርቶ ነበር?»

ሐዲስ አልዋሻትም። «ፈርቶ ነበር እናቴ። እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞኝ ነበር።»

«እንኳን እጅህ ኖረለት» አለችና ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።

ረፋዱ ላይ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። ለቅሶው ጸጥ አለ። ያኔ እንዲያ ለሞተ ሰው ድንኳን ጥሎ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቅ ነበር።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የልጄ ነው» አለች እናቴ። «ስድስት ዓመት ያደረ።»

ሰውየው ዓይኑን በየሰዉ ላይ አዟዟረና ሐዲስ ላይ አቆመው። «ይሄ ማነው? የኛ ቀበሌ ሰው አይደለም። ተነሥ እስቲ፣ መታወቂያ!»

ሐዲስ ቆመ። በምሕረት የወጣ እስረኛ፣ በሰው ከተማ፣ በእንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ከተገኘ ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም አውቀናል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

እናቴ ግን መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። ሄዳ ከሐዲስ ጎን ቆመችና ክንዱን ያዘችው።

«አማቼ ነው» አለች። «ልጄን ሰጥቼዋለሁ። እነዚህ ሦስቱ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ጠይቃቸው።»