ሰርካለም የጠራቻቸው ስሞች

«ማን ነው የያዘሽ? ተናገሪ። ማን ነው?»

አዋቂ ናት ተብላ የተጠራችው ሴትዮ የሚጨሰውን ገል ወደ ሰርካለም አፍንጫ አስጠጋች። ጭሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ማኅደር የሹራቧን እጅጌ አፏ ላይ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። ጠባቧ ክፍል በጎረቤት ተሞልታለች። አልጋው ላይ ሰርካለም እናቷ ይዛት ትንቀጠቀጣለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን ማንንም አያይም። ጠዋት ክፍል ውስጥ ከዴስኳ ስትወድቅ ደግፈው ቤቷ ድረስ ያመጧት ማኅደርና ባዩ የሚባል የክፍላቸው ልጅ ነበሩ።

ሰርካለም ከንፈሯን አላወሰች።

«ማኅደር» አለች። ትንሽ ቆይታ «እማዬ» አለች። ከዚያ የሒሳብ አስተማሪያቸውን ስም ጠራች፤ ማንም ያልገባውን ነገር አጉተመተመች። ቀጥላም «ትርንጎ፣ ቆይኝ» አለች።

ሴትዮዋ ገሉን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በቃ፣ ለፈለፈች» አለች። «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት።»

መጀመሪያ የተጠራው የእኔ ስም ነው፣ ልትል ነበር ማኅደር። ግን ያ ሁሉ ዓይን ወደ እሷ ሲዞር ታያት። እጅጌዋን አፏ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ማኅደር፣ ሰርካለምና ትርንጎ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። አሁን ዘጠነኛ ደርሰዋል። የትርንጎ እናት ሥርጉት ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቤታቸው ከአንኮበር ገበያ በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። አገሩ ሁሉ ወጡን የሚሠራው በሥርጉት ድስት ነው፤ ሥርጉት ቤት ገብቶ የሚቀመጥ ግን የለም። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ማኅደር ይህን ማን እንደነገራት አታስታውስም፤ እንደ አንኮበር ጉም ስትወለድም የነበረ ነገር ነው። በምሳ ሰዓት እሷና ሰርካለም ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ይከፍታሉ። ትርንጎ «መጣሁ» ብላ ትሄድና ደወል ሲደወል ትመለሳለች። የት እንደምትበላ ጠይቀዋት አያውቁም።

ያ ሳምንት እንዲህ ከመሆኑ በፊት ማኅደርን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምራቸው ዲያቆን ኤርሚያስ ለእሑድ ጽሑፍ እንድታቀርብ መድቧታል። ስለ ጌታ ተአምራት ሳይሆን፣ እሱ ራሱ ምን ዓይነት እንደነበረ። «የክርስቶስ ባሕርይ» የሚል ርዕስ ጽፋ ለአባቷ ለቄስ ኪዳነ ማርያም ስታሳያቸው ሳቁ።

«ባሕርዩን ለሊቃውንቱ ተዪላቸው፤ ስንት ጉባኤ ተከራክሮበታል። አንቺ ጠባዩን ፈልጊ» አሏት። «ከሰው ጋር ሲሆን እንዴት ነበር? ማን ቤት ገባ? ማን ሲጠራው ቆመ? እሱን ጻፊ።»

ርዕሱን ሰርዛ «ጠባዩ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በታች ምንም አልነበረም።

ሰርካለም ወደ ደብረ ብርሃን የተወሰደችው ጭሱም ሥሩም አልሠራ ብሎ፣ ሰው መለየት ካቃታት በኋላ ነው። አጎቷ ተስፋሚካኤል በሚኒባስ ይዟት ሄደ። ሲመለስ ሬሳ ይዞ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ወባ ነው፣ ወደ አንጎሏ ወጥቷል፣ ቀደም ብላ ብትመጣ ጥሩ ነበር ማለታቸውን ለሚጠይቀው ሁሉ እያለቀሰ ነገረ። ሰርካለም ማሽላ ለመሰብሰብ ቆላ እሱ ዘንድ ወርዳ ነበር የሰነበተችው። «ከእኔ ቤት ነው ይዛው የመጣችው» ይል ነበር።

ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ወባው ሰበብ ነው እንጂ የበላትስ ሌላ ነው አሉ።

ከቀብሩ የተመለሱ ጎረምሶች በቀጥታ ወደ ቁልቁለቱ ወረዱ። ሥርጉት ግቢ ውስጥ ለመድረቅ የተደረደረውን ሸክላ በሙሉ ሰባበሩት። አንድ ድንጋይ በር ላይ የቆመችውን ትርንጎን ግንባሯን ፈነከታት። በዚያው ቀን የክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «ያቺ ልጅ ክላስ እንዳትመጣ ንገሯት» ብሎ ጻፈ። ብዙዎች የእሳት ምልክት አደረጉበት። ማኅደር አነበበችውና ስልኳን አጠፋች።

በማግስቱ ባዩን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ አገኘችው። ሰርካለም ስም ስትጠራ እሱም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር።

«ሰምተሃል አይደል? የእኔንም ስም ጠርታለች» አለችው።

ባዩ ግራና ቀኝ አየ። «አቦ ማኅደር፣ አትነካኪው። ይበርዳል» አለ። ከዚያ ሳትጠይቀው፣ ድንጋይ እንዳልወረወረ፣ ቆሞ ብቻ እንዳየ ነገራት። ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ ማኅደር ታውቃለች። አልተቆጣችውም።

አባቷ ከለቅሶ ሲመለሱ ጠብቃ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ሰርካለም የትርንጎን ስም ብቻ አይደለም የጠራችው። መጀመሪያ የጠራችው እኔን ነው።»

ጥምጣማቸውን እየፈቱ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

ተቀመጡ። ሕዝቡ ሐዘን ላይ መሆኑን፣ በቁጣ ላይ ያለን ሰው መናገር እሳት ላይ ጭራሮ መጨመር እንደሆነ፣ ጊዜ ሲያልፍ ራሳቸው ቀስ ብለው እንደሚመክሩ ነገሯት። ልክ ያልሆነ ነገር አልተናገሩም። ግን ሲናገሩ አያዩዋትም ነበር። ከዚያ ከሁሉ የከበዳቸውን አወጡት።

«ፍሬሕይወትስ? ልጄን በጊዜ ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ትቃጠል? አሁን ደግፎ ያቆማት እኮ ያ ወሬ ነው።»

ፍሬሕይወት የሰርካለም እናት ናት። ማኅደር ጓዳ ገብታ ወንጌሉን ከፈተች፤ ለእሑድ ብላ ሳይሆን ሌላ የምትይዘው ነገር ስላልነበራት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማቸው የኖረቻቸው ታሪኮች ናቸው። አንድ ልጇን ልትቀብር የወጣች መበለት ነበረች፤ ጌታ ከሬሳው አስቀድሞ ያየው እናቲቱን ነበር። ማኅደር ይህን ልብ ብላው አታውቅም። ሌላም ቦታ አለ፣ ሰው የሚጸየፋቸው ሰዎች ቤት ገብቶ ለማዕድ ሲቀመጥ። ከደጅ የቆሙት አጉረመረሙ።

ከደጅ የቆሙት። ልጅ ሆና አባቷን ተከትላ ቤት ለቤት ጸበል ሲረጩ ትዞር እንደነበር ትዝ አላት። ሁሉም ቤት ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ጠላ ይቀርባል። ሥርጉት ቤት ሲደርሱ ግን አባቷ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ጸበሉን በአጥሩ ላይ ይረጩ ነበር። ሥርጉት ልጆቿን ይዛ ግቢው መሃል ቆማ ፊቷን ወደ ጠብታው ታነሳለች። ማኅደር የጸበሉን ዕቃ ተሸክማ ከአባቷ አጠገብ፣ ከደጅ።

የጻፈችውን ርዕስ አየችው። ልትጨምርበት ብዕር አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

በሰልስቱ ዕለት ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄደች። ፍሬሕይወት ምንጣፉ ላይ፣ ድንኳኑ የተጠጋበትን የቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ አልቋል። ማኅደር አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደምትላት መንገዱን ሙሉ ስታስብ ነው የመጣችው። ስለ ወባው፣ ስለ መዘግየቱ ምንም ላለማንሳት ወስናለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ሰርካለም መጀመሪያ የጠራችው የእሷን ስም እንደነበር፣ ትርንጎንም የጠራቻት እንደዚያው ጓደኛዋ ስለሆነች እንደሆነ ነገረቻት።

ፍሬሕይወት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ማኅደር አልሰማችኝም ብላ ልትደግመው ስትል፣ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ ተናገረች።

«የእኔንም ጠርታለች። ‹እማዬ› ስትል አልሰማሽም? ታዲያ እኔ ነኝ የበላኋት?»

ማኅደር እጇን ያዘቻት። እጇ በረዶ ነበር። ፍሬሕይወት ያወቀችውን ያን ያህል ቀን ብቻዋን ይዛው መቀመጧን ስታስብ ልቧ ተሰበረ። አሁን ጮክ ብላ ትናገረዋለች ብላ ጠበቀች፤ እናቲቱ ከተናገረች ነገሩ ያበቃል።

ማዶ የተቀመጠች ሴት «ምን አለችሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም» አለች ፍሬሕይወት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ማኅደር ተነሣች። እናቲቱ የነገረቻትን እሷ የምታወጣው አይደለም። የራሷ ግን የራሷ ነው።

«ሰርካለም ያን ቀን የእኔንም ስም ጠርታለች» አለች፣ ድንኳኑ ውስጥ ላለው ሁሉ እንዲሰማ። «ከትርንጎ በፊት ነው የጠራችኝ። እኔን ግን ማንም ምንም አላለኝም።»

አንዲት ሴት፣ ልጅቷ ደንግጣ ነው፣ ወደ ውጪ አውጧት አለች። ሌላዋ የቄስ ልጅ ናት ማን ይናገራታል ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። በወንዶቹ በኩል የተቀመጡት ቄስ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው አቀርቅረው ቀሩ። ቀና ብሎ ያያት ተስፋሚካኤል ብቻ ነበር። እሱም ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

ምንም አልተለወጠም። ቴሌግራሙ ላይ «እሷንም በልተዋታል» ተባለ። ውሃ ቀጂዎቹ ቦኖው ጋ ስትደርስ ጄሪካናቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። አባቷ ቤት ውስጥ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አላነሡም። አልተቆጧትም፤ ራት ላይ ጎርሰው ሳይጨርሱ ይነሡ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር። ማኅደር ወረቀቷን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች። ከታች ቁልቁለቱ ላይ ሥርጉት ግቢ ውስጥ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ አየች። ጆንያ ይታሰራል፣ ፍራሽ ይጠቀለላል። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የምትሠራ እህት እንዳለቻት፣ ወደ እሷ እንደሚሄዱ ከትናንት ጀምሮ ሲወራ ነበር። ሰውም ተገላገልን ብሏል።

ዲያቆን ኤርሚያስ ከውስጥ ጠራት። ልጆቹ እየጠበቁ ነው።

«ዛሬ አላነብም» አለችው።

«አልጨረስሽውም?»

«ገና ነኝ።» ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ቁልቁለቱ ወረደች።

የአጥሩ በር ተነቅሎ ወድቋል። መሬቱ በገል ተሸፍኗል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጫማዋ ሥር ይሰበራል። ሥርጉት ገመድ እየቋጠረች ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣም ደስታም አልነበረም።

«ምን ፈለግሽ?»

«ላግዛችሁ ነው የመጣሁት፣ እትዬ ሥርጉት።»

ሥርጉት ጥቂት አየቻትና ወደ ገመዷ ተመለሰች። ትርንጎ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ከቤት ወጣች። ግንባሯ ላይ የታሰረው ጨርቅ ደም ደርቆበታል።

«ስሜን ስትጠራ እዚያ ነበርሽ አሉ» አለች ትርንጎ።

«ነበርኩ።»

«ያኔ ምንም አላልሽም።»

«አላልኩም።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ትርንጎ «ምንም አይደል» እንድትላት ብላ የምትናገረው መሰላትና ዋጠችው። ጥጉ ላይ ካሉት ጆንያዎች ትልቁን ስባ ጀርባዋ ላይ አወጣችው። የሥርጉት የሥራ ዕቃና የቀረው ጭቃ ነበር፤ ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። ሥርጉት እንድታስቀምጠው ልትነግራት እጇን አነሣች። መልሳ አወረደችው፤ ከዚያ የራሷን ሸክም አነሣች።

ወደሚጭናቸው መኪና የሚያደርሰው መንገድ አንድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያልፋል። ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ገና አልተበተነም። ሥርጉት ከፊት፣ ትርንጎ ከኋላዋ፣ ማኅደር ከሁሉ ኋላ ሆነው ሽቅብ ወጡ። ሰዎቹ ሲያዩዋቸው ወደ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ቄስ ኪዳነ ማርያም በሩ ላይ ቆመው ለምእመናን መስቀል እያሳለሙ ነበር። ሊሳለም ጎንበስ ያለው ሰውዬ ቀና አለ። የአባቷ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ማኅደር እርምጃዋን አላዘገየችም። ምን እንደሚያደርጉ ለማየትም ዞር አላለችም። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው፤ ገመዱ ትከሻዋን ገዝግዟታል፤ መኪናው ያለበት ገና ሩቅ ነው።

ትርንጎ ሳትዞር ተናገረች።

«ገመዱን ወደ ደረትሽ አውርጂው። እንዲያ ከያዝሽው ይቆርጥሻል።»

ማኅደር ገመዱን አወረደችውና ተከተለቻት።