ከስድስት አምስት

ሁሉም ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የሚሏቸው ዛዚያ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ቱኒዚያ፣ ቢዘርት ከተማ ውስጥ፣ ከወደቡ በላይ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ። የቤቱ ኃላፊ ሲ ላሚን የሞት ወረቀቱ ላይ «ቫይረስ» ብሎ ጽፎ ጨርሷል። የሟቿ ልጅ መብሩካ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች።

ከጤና ቢሮው የተላከው ሻዝሊ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሟች ሲመዘግብ የኖረ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው። ከኋላው የመጡት ሁሉ አለቃው ሆነው አልፈዋል፤ እያንዳንዱን አለቃ በስሙ፣ እያንዳንዱን ስድብ በቀኑ ያስታውሳል።

«ሲ ሻዝሊ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች መብሩካ። «ጉብኝት ሳይከለከል፣ በዒዱ ለት እናቴን ግንባሯን ስሜያታለሁ። ገዳይዋ እኔ ነኝ?»

«ቆዪ እስቲ ላላ መብሩካ፣ መጀመሪያ ልያቸው።»

የሟቿ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ ምላሳቸው ደርቋል። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል። ራስጌያቸው ያለው ጆግ ባዶ ነው። በሩ ሥር ግን አምስት የውሃ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አንዱም አልተከፈተም።

አስታማሚዋን ነጃትን ጠራት።

«ክዳኑን ማን ነበር የሚከፍትላቸው?»

«እኔ። ሳይታመሙ በፊት።»

«ከታመሙ በኋላስ?»

«በሩ ሥር አስቀምጬ እሄዳለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ ሲ ሻዝሊ! አንተ ብትሆን ትገባ ነበር?»

«እኔን ደግሞ ማን ያስገባኛል፤ በር ላይ ቆሜ ነው ያረጀሁት። እሳቸውስ ምንም አላሉሽም?»

«ውሃ ይሉ ነበር። ‹ይኸው እበሩ ሥር አለ› እላቸዋለሁ።»

«ትኩሳታቸውን ለክተሻል?»

«ከሩቅ፣ ግንባር ላይ በሚነጣጠረው መለኪያ።»

መዝገቡን አገላበጠ። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ትኩሳት የሚባል የለም።

«ሰኞ እኮ ለቋቸዋል!»

«መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ነው» አለች ነጃት፣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት እያመለከተች። «ከስድስት ሽማግሌ አምስቱ ይሞታል ተብሎ፣ እንዴት ይድናሉ ብዬ ላስብ?»

«እኔ ከጭንቅላቴ አላመጣሁትም!» አለ ሲ ላሚን ከኋላቸው መጥቶ። «ከእናንተው ቢሮ ነው የመጣው።»

ሻዝሊ በበሽታው ታመው የማያውቁት ሠላሳ አራት ነዋሪዎች ሁሉ ደማቸው እንዲመረመር በቢሮው ስም አዘዘ። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ነዋሪዎቹን፣ ነጃትንና መብሩካን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ከኻልቲ ዛዚያ በፊት እዚህ ቤት ስድስት ሰው ታመመ፤ አምስቱ ሞቱ» ሲል ጀመረ። «የተቆጠረው ይኸው ብቻ ነው። አልታመምንም ካላችሁት ከሠላሳ አራታችሁ ግን ሃያ አራታችሁን በሽታው ይዞ ለቋችኋል።»

«እኔንም?» አሉ ዐም ሳልህ፣ የሰማንያ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ። «ያቺ በዒዱ ሰሞን ሁለት ቀን ያሳለችኝ ጉንፋን?»

«እሷው ናት።»

«ሟች ሚስቴ ከሷ የባሰ ታስለኝ ነበር እኮ።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ከታመሙት ስድስት ጋር የያዘው ሠላሳ፣ የሞተው አምስት» አለ ሻዝሊ። «ከስድስት አንድ ማለት ነው። ቀላል አይደለም፤ ግን አብዛኛው ይተርፋል። ኻልቲ ዛዚያም ተርፈው ነበር። ትኩሳቱ ለቋቸው፣ ክዳን መክፈት አቅቷቸው፣ በውሃ ጥም ነው የሞቱት።»

«መሳሜ አይደለም ማለት ነው?» አለች መብሩካ።

«አይደለም።»

«ምነው እሱ በሆነ» አለች ቀስ ብላ። «ቢያንስ ሰው ስሟት ትሞት ነበር።» ከዚያ ወደ ነጃት ዞረች። «ከበሩ እስከ አልጋዋ አራት እርምጃ ነው!»

ነጃት ፊቷን ሸፈነች።

«ተያት» አለ ሻዝሊ። «እሷ የፈራችው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ነዋሪዎቹ ዞረ።

«ጎዶሎ መሆኑን አውቅ ነበር። ሳይታወቅ ይዞት የዳነውን ካልቆጠርን ውሸት ነው ብዬ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ‹አንተ የስድስተኛ ክፍል ምሁር፣ የተባልከውን ጻፍ› አለኝ፣ በሰው ፊት። ሁሉም ሳቁ። እኔም እሰይ፣ አንድ ቀን ስህተቱ ሲወጣ ይዋረዳል ብዬ ፈረምኩና ዝም አልኩ። ስጠብቅ የነበረው የእሱን ውርደት ነው።»

ዐም ሳልህ እንደምንም ተነሱ።

«የኔ ክፍል ከዛዚያ ክፍል ጎን ነው» አሉ። «ሌሊቱን ግድግዳውን ስትመታ፣ ስሜን ስትጠራ ሰምቻለሁ። ከስድስት አምስት ነው ብዬ በሬን ቆለፍኩ። እኔን ይዞ ከለቀቀኝ በኋላ ነው እንግዲህ ይሄ። ሁለተኛ ሳይዘኝ ገብቼ ጠርሙሱን ልከፍትላት እችል ነበር?»

ሻዝሊ ሊዋሻቸው አስቦ ነበር።

«ይችሉ ነበር፣ አባቴ» አላቸው።