ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ግንብ

የማስታወቂያ ባነሩን የደብረ ማርቆስ ነፋስ ሁለት ጊዜ ቀደደው። በሦስተኛው የዱቄት ፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች፣ «በቃ፣ ግንቡ ላይ ይሣል» አሉ።

ወንጌላዊት ከባሕር ዳር ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የተላከችው ለዚሁ ነበር። መንገደኛው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ሲያነሳ የዱቄት ቅናሽ ይደርሰዋል። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ከተበላሸ የመጨረሻዋም ይሆናል።

«በእጅ ይሣላል እንዴ?» አለች ወንጌላዊት።

«የኋላሸት ይሥለዋል። ደብረ ወርቅ ብራና ሲጽፍ ያደገ ልጅ ነው። ዳዊት የጻፈ እጅ ይሄ አያቅተውም።»

የኋላሸት አሁን የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ፣ ልብሱ ቀለም የተረጨበት ቀጭን ወጣት ነው። ኮዱ የታተመበትን ወረቀት አገላብጦ አየው።

«ምን ይላል?»

«ለሰው ምንም አይልም። የሚያነበው ስልክ ነው።»

«የኔታ ቢሰሙ፣ የስልኩ መምህር ማነው ይሉ ነበር» አለና ፈገግ አለ።

ብራና እንደሚያሰምር ሁሉ ግንቡን በሚስማርና በክር አሰመረው፤ ስምንት መቶ አርባ አንድ ሳጥን። እሷ ከወረቀቱ ታነብለታለች፤ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ይቀባል።

«ጥቁር። ጥቁር። ነጭ።»

«ቀስ በይ እንጂ። ፊደል እያስቆጠርሽኝ ነው።»

«ቅናሹን ቅዳሜ መጀመር አለብን።»

«አንቺ ቁጭ ብለሽ አታውቂም?»

«ሥራው ሲያልቅ እቀመጣለሁ።»

«ሥራው ሲያልቅማ ትሄጃለሽ» አለ፣ ፊቱን ከግንቡ ሳይመልስ።

ወረቀቱን አየች። ቀጥሎ ያለው ሳጥን ጥቁር ይሁን ነጭ ጠፋት።

ቅዳሜ ማለዳ ስትደርስ ገበያተኛው ግንቡን ከቦታል። ኮዱ አልቋል። ዙሪያውን ግን በብራና መጽሐፍ መግቢያ ላይ እንደሚሣለው ያለ ሐረግ፣ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ተጠላልፎ፣ ከጥቁሮቹ ሳጥኖች ጋር እስኪነካካ ወጥቶበታል። የኋላሸት መሰላሉ ሥር ቆሞ ፊቷን ይጠብቃል።

ስልኳን አነሳች። አላነበበም። ተጠጋች፣ ራቀች። ፎቶ አንስታ ለቢሮዋ ላከች፤ «ጠርዙ ባዶ ነጭ መሆን አለበት» የሚል መልስ መጣ። ይህን ታውቅ ነበር። ለእሱ ግን አልነገረችውም።

«ስልኩም ፊደል አልቆጠረም» አለ አንድ ጎረምሳ። ሰው ሳቀ። ወይዘሮ አሰገደች አልሳቁም።

«ማን አዘዘህ ይሄን እንድትሞነጭር?» አለች ወንጌላዊት፣ ሁሉም እየሰማ።

የኋላሸት የብራና መፋቂያ ቢላዋውን ከኪሱ አውጥቶ ሐረጉን ከጫፍ ጀምሮ ይፍቅ ጀመር። ሲጨርስ ጠርዙን ነጭ ቀባው። ስልኩ አነበበ፤ ሰው አጨበጨበ። ዞር ስትል መሰላሉም እሱም የሉም።

ባሕር ዳር ተመልሳ ደወለች፤ አያነሳም። «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፤ መልስ የለም። የቅናሹ ዘመቻ ሁለት ወር ሄደ፤ አለቃዋ አመሰገናት። እሷ ግን ከተቀመጠችበት እየተነሳች፣ ኮዱ ስንት ጊዜ እንደተነሳ በስልኳ በቀን አሥር ጊዜ ትቆጥራለች።

የቅናሹ ጊዜ አለፈ። ኮዱን የሚያነሳ ሰው «ቅናሹ አብቅቷል» የሚል ገጽ ብቻ ያገኛል። ቁጥሩ ወረደ፤ ሃያ፣ ሰባት፣ ሁለት። ከዚያ አንድ። በየቀኑ አንድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። ሁለት ሳምንት ሙሉ።

ቅናሽ እንደሌለ እያወቀ በየማለዳው የሚያነሳው ማነው? ልቧ አንድ ስም ጠራ፤ ለማመን ፈራች።

ሐሙስ ዕለት አለቃዋ፣ «ያን ኮድ ነገ ዝጊው» አላት።

«እስከ ሰኞ ታገሠኝ» አለችው። ከተዘጋ ያ «አንድ» የሚመጣበት መንገድ አይኖርም።

ግንቡ ሳይነካ ኮዱ የሚከፍተውን ገጽ መለወጥ ይቻላል። «ቅናሹ አብቅቷል» የሚለውን አጠፋችና የዚያን ቅዳሜ ፎቶ፣ ሐረጉ ሳይፋቅ ያነሳችውን፣ አስገባች። ከሥሩ ጻፈች፦ «ስለ ጠርዙ ያልነገርኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱን ግን በሰው ፊት ለአንተ ሰጠሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ወንጌላዊት።»

ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ቁጥሩ ዜሮ ነበር። አንድ ከሩብ፣ ዜሮ። ሻይዋ ቀዘቀዘ። አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል አንድ ሆነ። ከዚያ ሁለት። ሦስት። እስከ ሁለት ሰዓት አሥራ አንድ ደረሰ።

ቅዳሜ ከመኪናው ስትወርድ የኋላሸት ከግንቡ ሥር የኖራ ባልዲ ይዞ ቆሟል።

«ስልክ ለምን አታነሳም?»

«ድምፅሽን ከሰማሁ ንዴቴ ያልቅብኛል ብዬ።»

«ባልዲውስ?»

«ግንቡን ኖራ እንድቀባ ከታዘዝኩ ሁለት ሳምንቴ። በየጠዋቱ እመጣለሁ፤ በስልኬ አነሳዋለሁ፤ ገና ይሠራል። የሚሠራ ነገር እንዴት ይጠፋል ብዬ እመለሳለሁ። እትዬ አሰገደች ሰነፍ ብለው ሊያባርሩኝ ነው።»

«ትናንት አሥራ አንድ ጊዜ ምን ልታደርግ?»

«ቆጥረሽኛል?» አንገቱን ደፋ። «የመጨረሻውን መስመር፣ እመጣለሁ የሚለውን፣ አላምን ብዬ ነው።»

እሷ ስልኳን አውጥታ ኮዱን ዘጋችው።

«አሁን ቅባው» አለች።

መሰላሉ ላይ ወጣ። ወንጌላዊት ግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አንብቢልኝ እንጂ።»

«ነጭ» አለች። ቀባ። «ነጭ። ነጭ።»

«ጠርዙስ?»

«ጠርዙን ለሐረግህ ተወው።»