የግራው ማሰሪያ

«የግራውን ማሰሪያ አያይዘሽለት ነበር?»

ቬርሊን ታድሎክ ይህን ስትሰማ እጆቿን ገልብጣ አየች። ልጇ ሮይስ ቅዳሜ ከሰዓት በክሮው ክሪክ የመኪና ውድድር ላይ ከግንቡ ጋር ተላትሞ፣ አንገቱ ተሰብሮ ሞቷል። ሰኞ ጠዋት የአውራጃው የሞት መርማሪ ኢሞጂን ፒለር የቤተሰቡ ጋራዥ ድረስ መጥታ ነው ይህን የጠየቀቻት። ሁለቱ ሴቶች ከትምህርት ቤት ዕድሜያቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ መርማሪዋ ግን ትውውቁን በር ላይ ትታው የገባች ትመስል ነበር።

«አላውቅም» አለች ቬርሊን። «ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ያያያዝኩት እኔ ነኝ። እጄ ራሱ ነው የሚሠራው። ያን ቀን ግን... አላስታውስም።»

ነጂዎች ትከሻቸው ላይ ጠንካራ የአንገት መከታ ያደርጋሉ። ከመከታው የሚወጡ ሁለት አጫጭር ማሰሪያዎች ከሄልሜቱ ግራና ቀኝ ይያያዛሉ፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ጭንቅላት ወደፊት እንዳይወረወር የሚይዙት እነሱ ናቸው። በታድሎክ ቤተሰብ ቀኙን አጎትየው ዴልማር፣ ግራውን እናትየው ማያያዝ ልማድ ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ቬርሊን እጆቿን እያየች ትውላለች።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ኢሞጂን። «ከሮይስ ኋላ የነበረው ልጅ እዚያው ግንብ ላይ በባሰ ፍጥነት ነው የተላተመው። በእግሩ ወጥቶ ሄደ። ዛሬ ሳነጋግረው ቁርሱን እየበላ ነበር። ግንቡ ምት የሚውጥ ስፖንጅ አለው፣ ወንበሩ ጎድን አቅፎ ይይዛል፣ ቀበቶው አልተበጠሰም። የሮይስም ጎድን አንድ እንኳ አልተሰበረም። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል፤ አንገቱ ላይ ያለው ብቻ ሳይሠራ ቀረ።»

የሟች አጎትና የመካኒኮቹ አለቃ ዴልማር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጣልቃ ገባ።

«ልንገርዎት ወይዘሮ ፒለር? የፍተሻው ወረቀት ላይ ምልክት የምታደርገው እሷ ናት። ማንበብ የጀመረችው ባለፈው ጥቅምት። ምኑን አይታ ምልክት እንዳደረገች እግዜር ይወቅ።»

የቬርሊን ፊት ጋለ። ኢሞጂን ወረቀቱን አቀበለቻት።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ቬርሊን ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ፣ እየቆራረጠች አነበበች። «ቀ-በቶ» ስትል እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። «የግራ ማ-ሰሪያ» ስትል ጆሮዋ ሥር ነካች። ኢሞጂን የቬርሊንን እጅ እንጂ ወረቀቱን አላየችም።

ከዚያ ታናሽየውን ልጅ ዌይድን ውጭ፣ ጎማዎቹ ክምር አጠገብ አነጋገረችው።

«የወንድምህን መኪና ትመኘው ነበር ይባላል።»

«አጎቴ ነው የነገረዎት? ማን የማይመኝ አለ። እሱን ገድዬ ግን አይደለም።»

«ውድድሩ እኩሌታ ላይ ለእረፍት ሲቆም የት ነበርክ?»

«ጎማ ሥር ተንበርክኬ። ብሎን ስፈታ እንኳን ሰው ሰማይም አይታየኝም።»

ቬርሊን በመስኮቱ ታያቸው ነበር። ያልጠራችው ሐሳብ ጥልቅ አለባት፤ ይሄ ልጅ ቢሆንስ? ዌይድ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት።

ዴልማር ተራው ሲደርስ ሳይጠየቅ ነው የጀመረው።

«እረፍቱ ላይ በመኪናው መስኮት አናገርኩት፤ ምንም አልሆነም ነበር። እንዲያውም ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ጎንበስ ብሎ፣ አገጩ ደረቱን እስኪነካ ድረስ የሞተሩን ሙቀት አየና ‹ደህና ነው አጎቴ› አለኝ።»

«አመሰግናለሁ» አለች ኢሞጂን።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የውድድር ሜዳው የደህንነት ኃላፊ ሌስተር ጎይንስም ተጠርቶ መጣ።

«ሌስተር፣ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ታደርጋለህ?»

«የእያንዳንዱን ነጂ ሁለቱንም ማሰሪያ በእጄ እጎትታለሁ። ሮይስን ስጎትተው ‹ቀስ በል ሽማግሌው፣ ራሴን ልትነቅለው ነው› አለኝ። ሁለቱም ጠብቀው ነበር።»

ቬርሊን የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች።

«ከግጭቱ በኋላስ?»

«የቀኙ መፍቻ ተጣሞ እምቢ ሲለኝ ማሰሪያውን ቆረጥኩት። ግራውን አልነካሁም። ሄልሜቱ ወዲያው ሲወጣልኝ ባልደረባዬ ፈቶታል አልኩ። እሱ ደግሞ እኔ የፈታሁት መስሎታል።»

ኢሞጂን የሮይስን ሁለት ማሰሪያዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አጋደመች። ሁለቱም ተቆርጠዋል።

«ቬርሊን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተሻል። እስቲ ዳብሻቸው።»

ቬርሊን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «ቀኙ ተለጥጧል፤ ስፌቱም ተተርትሯል። ይሄኛው...» ደግማ ዳበሰችው። «ይሄኛውን ምንም ነገር አልሳበውም።»

«ስለዚህ መኪናው ሲላተም ግራው ሄልሜቱን አልያዘም ነበር። ሲነሳ ግን ይዞ ነበር። የተፈታው በእረፍቱ ነው፤ ከእረፍት በኋላ ማንም አይፈትሽም። ዴልማር፣ ሁለቱም ታስረው አገጩ ደረቱን የሚነካ ነጂ የለም። ግራው ከተፈታ ግን ወደ ቀኝ መጎንበስ ይቻላል። አንተ ያየኸው እሱን ነው።»

«ዌይድ ፈቶት ቢሆንስ?»

«ተፈትቶ እያየህ ወደ ውድድር ሰደድከው?»

ዴልማር የእጁን ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቀለለ።

«ሳትነካው ብትተወው ኖሮ እነ ሌስተር ፈቱት ብዬ እሄድ ነበር። ቀኙ ተቆርጦ ስታይ ግራውም እንዲመስለው ቆረጥከው፤ ቁራጩን ከነማያያዣው ሄልሜቱ ላይ መለስከው። መኪናውን ወደ ቤት ያመጣኸው አንተ ነህ።»

«አንገቱን ወደ ግራ ማዞር አቅቶት ሌሎቹ ሁለቴ በውስጥ በኩል አለፉት» አለ ዴልማር ወደ መሬት እያየ። «እንደ ጋሪ ፈረስ ፊት ፊቱን ብቻ ነበር የሚያየው። አባቱ ያለዚህ ኮተት ሃያ ዓመት ነድቷል። ለአርባ ዙር ብቻ ብዬ...»

«እሱ ነው ፍታልኝ ያለህ?» አለች ቬርሊን።

ዴልማር ፊቱን ከእሷ አዞረ።

«ሦስት ቀን ሙሉ» አለች ረጋ ብላ፣ «ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ስል አየኸኝ። ጭራሽ አለማንበቤን ጨመርክበት።»

ኢሞጂን ዴልማርን ይዛ ስትወጣ ቬርሊን ወደ ዌይድ ዞረች። እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን አልተጠጋም።

«እማዬ፣ በመስኮቱ ያየሽኝን አይቻለሁ።»

«ዌይድ፣ ጭንቀት ነው፤ እኔ እኮ...»

«ይገባኛል። ግን አይቻለሁ።»

ዴልማር ያን ዕለት በመርማሪዋ መኪና ሄደ። ዌይድ ሐሙስ ከቀብሩ መልስ ልብሱን ሸክፎ ራቅ ብሎ ወደ ቴነሲ ሄደ። ቬርሊን ብቻዋን ቀረች።