ሁለት መቶ አርባ አንደኛው ሽመላ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እቴነሽ ደበሌ እንደ ወትሮዋ ሽመላዎቹን ቀሰቀሰች። መቆጣጠሪያዋን ወደ ጨፌው አቅንታ አንዷን ቁልፍ ስትጫን፣ ሌሊቱን በአንድ እግራቸው ቆመው ያደሩት ሁሉ አንገታቸውን አቀኑ፣ ክንፋቸውን አራገፉ፣ መንቆራቸውንም ማንቋቋት ጀመሩ። ከዚያ ቆጠረቻቸው። ሁለት መቶ አርባ አንድ መጡ።

«ኤዲያ! ዓይኔ እንቅልፉን አልጨረሰም» አለችና መዝገቡ ላይ ሁለት መቶ አርባ ብላ ጻፈች። ሁለት መቶ አርባ ናቸዋ! ፋብሪካ የወለደው ሽመላ ደግሞ አይወልድም። እንደገና እንዳትቆጥር ጎብኚዎቹ በር ላይ ደርሰዋል።

እነዚህን ሽመላዎች ያገሬው ሰው «ጠሪ» ይላቸዋል። እውነተኛው ሽመላ አውሮፓ ሲበርድ ወደዚህ መውረዱን ከተወ አርባ ዓመት አልፎታል። ጠሪዎቹ የተሠሩትም ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ በሰማይ የሚያልፍ ሕያው ሽመላ ካለ፣ ዘመዶቹ የሰፈሩበት መስሎት እንዲወርድ። አንድም አልወረደም። እያደር ግን ሰዉ ጠሪዎቹን ራሳቸውን ለማየት መምጣት ጀመረ፤ እቴነሽም አስጎብኚ ሆነች። ሰው መቼም ያጣውን ትቶ ያገኘውን ያያል።

መጠበቁን ያልተወ አንድ ሰው ነበር፤ አባቷ ጋሽ ደበሌ። የጨፌው ዘበኛ በነበሩበት ዘመን ሕያዎቹን አይተዋል፤ ኋላም ጠሪዎቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ጭቃው ውስጥ ያቆሙ እሳቸው ናቸው። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ጥር በመጣ ቁጥር ግን ከጉብኝቱ ካልሄድኩ ብለው ያስቸግራሉ። «አንድ ሳይመጣ አልሞትም» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ አይቀልዱም።

«ስንት ሆኑ?» አሉ፣ ክንዷን ይዘው በእንጨቱ መተላለፊያ ላይ እያዘገሙ።

«ያው ነው አባባ፤ ሁለት መቶ አርባ።»

«ደህና አድርገሽ ቆጥረሻል?»

«እንዴ፣ ሥራዬ አይደል?» አለች ቆጣ ብላ። ከኋላ ዘጠኝ ጎብኚዎች ይከተሏቸዋል፤ በሰው ፊት እንዲህ ስትጠየቅ አትወድም።

አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ በረታች። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ካለች ጎጆ ጥላ ሥር ደርሰው ጋሽ ደበሌ አግዳሚው ላይ እንዳረፉ፣ ልዑልሰገድ የሚባል ባለ ባርኔጣ ጎብኚ «እህቴ፣ ያኛው ምን ነክቶት ነው?» አለ።

ከሸምበቆው ዳር አንድ ሽመላ ለብቻው ቆሟል። አንድ ክንፉ ወድቋል፣ ላባው ቆሽሿል፤ ቀይ መሆን የነበረባቸው እግሮቹም ነጥተዋል። እቴነሽ መቆጣጠሪያዋን አነጣጠረችበት። ጠሪ ሲነጣጠርበት ቁጥሩን ይናገራል። ይኼ አልተናገረም።

አልገረማትም። ጭቃ የገባበት ጠሪ ዲዳ ይሆናል፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ የሚያጋጥም ነው። እንግዳ ፊት የተበላሸ ዕቃ ማቆም ደግሞ ያሳፍራል። «ይቅርታ፣ ብልሽት ነው፤ አሁኑኑ ይነሣል» አለችና ለቃሚውን ጠራች። ለቃሚ የሚሉት የተበላሹትን አንጠልጥሎ ወደ ጥገና የሚወስደውን በራሪ መሣሪያ ነው። አንዴ ከተነሣ ጨፌውን ሁሉ ዞሮ፣ ቁጥር የማይመልስለትን በሙሉ ለቅሞ ነው የሚገባው፤ ከዋናው ቢሮ በቀር የሚያስቆመው የለም።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«ምንም አይደል አባባ። አንዱ ቀለሙ ለቆ ነው። እግሩ ነጭ በነጭ ሆኗል።»

«ነጭ?»

«አዎ፣ ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ምርኩዛቸው ወደቀ። «እቴነሽ! ሽመላ ሲሞቀው ኩሱን እግሩ ላይ ነው የሚጥለው! እንዲያቀዘቅዘው! አስቁሚው! ባምላክ አስቁሚው!»

እቴነሽ ክው አለች። የጠዋቱ ሁለት መቶ አርባ አንድ ትዝ አላት። «ሰርዝ» የሚለውን ደጋግማ ተጫነች። «ሥራው ተጀምሯል» አላት መቆጣጠሪያው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ዘላ ጭቃው ውስጥ ገባች።

ለቃሚው ቀደማት። ሽመላው ሊነሣ ሁለት ጊዜ ክንፉን አማታ፤ አቅም አልነበረውም። ስንት አገር አቋርጦ እንደመጣ ማን ያውቃል። ለቃሚው ከላይ ወርዶ ክንፎቹን አጠፈ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ከአንገቱ ሥር ማጥፊያውን ፈልጎ ተጫነ። ማጥፊያ የለውም። ስለዚህ አጥብቆ ተጫነ።

እቴነሽ ስትደርስ አንገቱ ተንጠልጥሏል። ከለቃሚው ጥፍር መንጭቃ ወሰደችው። እስከ ወገቧ ጭቃ ሆና ስትመለስ ልዑልሰገድ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ወይ ጉድ! እንዴት አድርገው ነው የሠሩት! ደሙ ሳይቀር!»

«ዝም በሉ!» ብላ ጮኸችባቸው። እንግዳ ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር።

ሽመላውን አባቷ ጭን ላይ አስተኛችው። ጋሽ ደበሌ ደረቱን ዳሰሱት፤ አንገቱንም፣ በኩስ የነጣውን እግሩንም። «ይሞቃል» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ይሞቃል እኮ» አሉና እንባቸው ወረደ።

«እኔ ነኝ አባባ። ጠዋት ቆጥሬው ነበር፤ ቆጥሬው አልጻፍኩትም።»

«አንቺ ብቻ አይደለሽም ልጄ። አርባ ዓመት ሙሉ ኑ ኑ ስንል ኖርን፤ የመጣ ዕለት ማን እንደሆነ ጠፋን።»

አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው መቆጣጠሪያ ጮኸ። «ብልሽቱ ተወግዷል። ሁለት መቶ አርባ። ሙሉ ነው።»

ያኔ ከጎብኚዎቹ አንዷ ሴት «እነዚያስ?» ብላ ወደ ላይ አመለከተች። ከፍ ብለው ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ወፎች ይዞራሉ። በዞሩ ቁጥር ዝቅ ይላሉ። ጠሪዎቹም አይተዋቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው መንቆራቸውን ያንቋቁ ጀመር፤ ጨፌው በድምፃቸው ተናወጠ።

«አባባ… መጡ» አለች እቴነሽ። «ብዙ ናቸው። እየወረዱ ነው።»

ጋሽ ደበሌ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቀኑ። ብርሃን ብቻ ነው የታያቸው። «ለቃሚውስ?»

«እየዞረ ነው። ቢሮውን እየጠራሁ ነው፤ የሚያነሣ የለም።»

«ጠሪዎቹን አስተኚያቸው።»

«አባባ፣ አርባ ዓመት ጠብቀው…»

«አስተኚያቸው አልኩሽ!»

ቁልፏን ተጫነች። ሁለት መቶ አርባ አንገት በአንድ ጊዜ ወደቀ፤ ጨፌው ጸጥ አለ። ወፎቹ ከላይ አንዴ ዞሩ። ደግመው ዞሩ። ከዚያ ተሰልፈው ወደ ደቡብ ያዙ።

«ሄዱ?»

«ሄዱ አባባ።»

«አንድም አልወረደ?»

«አንድም።»

«እሰይ» አሉ ጋሽ ደበሌ፣ ጭናቸው ላይ ያለውን በጋቢያቸው እየሸፈኑ። «እሰይ።»